ጊታራችሁ ዝዝ ይላል?

በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ከቁም ሣጥን ጎን የተደገፈ አንድ ጊታር አይጠፋም። ማታ ልጆች ሳይተኙ ይወርድና አንድ ሁለት መዝሙር ይዘመርበታል። ታዲያ አንድ ቀን ክሩ ሲመታ ከመልካሙ ድምፅ ጋር «ዝዝዝ» የሚል ነገር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ብዙዎች ወይ ጊታሩን ይተዉታል፣ ወይ እኔ እንዳደረግሁት ያበላሹታል።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ዕቁብ ሲደርሳት ጊታር ገዛችልኝ። ሐምሌ ላይ ክሮቹ ከፍ ብለው ጣቴን ስላስቸገሩኝ፣ ብሪጁ ላይ ክሮቹን የሚሸከመውን ነጭ ዘንግ (ሳድሉን) አውጥቼ ከሥሩ በብርጭቆ ወረቀት ሞረድሁት። በጣም ተመቸኝ። ጥር ሲገባ ግን ጊታሩ ከላይ እስከ ታች ዝዝ ይል ጀመር። «ምን አደረግኸው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፦ እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፤ የጊታሩ ፊት ያብጥና ክሮቹን ወደ ላይ ያነሣቸዋል። በበጋ ደግሞ ይደርቅና ፊቱ ዝቅ ሲል ክሮቹም አብረው ይወርዳሉ። እኔ በበጋ በራሱ የሚመለሰውን ከፍታ በክረምት ሞርጄ ጣልሁት።

ክር ሲመታ ይወዛወዛል። ሲወዛወዝ በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች (ፍሬቶች) አንዱን ከነካ ዝዝ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ላጥብቀው?» ሳይሆን «የት ነው የሚነካው?» የሚለው ነው። ጊታሩን በትክክል ቃኙት። ከዚያም እያንዳንዱን ክር መጀመሪያ ክፍቱን፣ ቀጥሎ ፍሬት በፍሬት እየያዛችሁ ምቱ። አንዳችሁ ስትመቱ ሌላችሁ ዝዝ ያለበትን ቦታ በወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቱ አብዛኛውን ነገር ይነግራችኋል።

1ኛ. አያያዛችሁን ፈትሹ። ጣታችሁ ከፍሬቱ ከራቀ ጥሩ ጊታርም ዝዝ ይላል። ፍሬቱ ላይ ሳትወጡ፣ ከኋላው ተጠግታችሁ ያዙ። ገንዘብ የማያስወጣው መፍትሔ ይህ ነው።

2ኛ. ክሮቹን ተመልከቱ። የዛገና ያረጀ ክር አወዛወዙ ይበላሻል። ክር ስትለውጡ ቀጭኑን ገዝታችሁ ወይም ለዘማሪው እንዲመች ሁሉንም ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ከሆነም ክሩ ስለሚላላ ዝዝ ሊል ይችላል። ለብረት ክር በተሠራ ጊታር ላይ ከባለ 10 ወደ ባለ 12 ቁጥር መመለስ ብዙ ጊዜ ይረዳል። በናይለን ክር ጊታር ላይ ግን የብረት ክር ፈጽሞ አትሠሩበት፤ ብሪጁን ሊነቅለው ይችላል።

3ኛ. ዝዝ የሚለው ክፍቱ ክር ብቻ ከሆነ፣ በአንገቱ ራስ በኩል ክሮቹ የሚያልፉበት ጎድጓዳ መስመር (ነቱ) ተበልቷል ማለት ነው። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ 1ኛውን ፍሬት እዩ። በክሩና በፍሬቱ መካከል ምንም ክፍተት ከሌለ መስመሩ ጠልቋል። ለጊዜው ከክሩ ሥር ቁራጭ ወረቀት አድርጉ፤ ለዘለቄታው ባለሙያ ነቱን ይቀይረው።

4ኛ. ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ከሆነ አንገቱ ከመጠን በላይ ቀንቷል። 6ኛውን ክር 1ኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከሣጥኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ባለው ፍሬት ላይ ያዙ። 7ኛው ፍሬት ላይ የሁለት ወይም የሦስት ወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ከሌለ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በልኩ ብሩጎላ ወደ ግራ አላሉት፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። እንደገና ቃኝታችሁ ተመልከቱ። አልንቀሳቀስ ካለ አታስገድዱት፤ ከተሰበረ ጥገናው ውድ ነው።

5ኛ. በሁሉም ቦታ ከሆነ ክሮቹ ዝቅ ብለዋል። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር በማስመሪያ ለኩ። በብረት ክር ጊታር ለ6ኛው ክር 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለ1ኛው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ከሳድሉ ሥር ስስ ነገር ጨምሩ። ሳድሉ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይነሣል።

6ኛ. አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከፍ ብሎ ይሆናል። የባንክ ካርድ ጠርዝ በሦስት ፍሬቶች ላይ አቁሙ። ካርዱ ከተወዛወዘ መካከለኛው ከፍ ብሏል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

7ኛ. የትም ብትይዙ ያው ከሆነ ችግሩ ከፍሬት ላይሆን ይችላል። የላላ የመቃኛ ቁልፍ፣ ያልተቆረጠ የክር ጫፍ፣ በሣጥኑ ውስጥ የተፈታ ሽቦ ወይም የለቀቀ ደጋፊ እንጨት ይኖራል። ሣጥኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አንኳኩና አዳምጡ።

ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ስለዚህ በበጋ ከግድግዳው አውርዳችሁ በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡት። በተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ ውኃው በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ አብራችሁ አኑሩ፤ እንጨቱን ግን አያርጥበው። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩም የክረምት ማሞቂያ ቤቱን እንደሚያደርቅ አትርሱ።

የእኔ ጊታር ምን ሆነ? እውነቱን ለባለቤቴ ነገርኋት፦ «ሳልጠይቅ ሞረድሁት።» ትንሽ አኮረፈች፣ ከዚያም ሳቀች። አብረን የሳድሉን ልክ ይዘን ከካርቶን ስስ ቁራጭ ቆረጥንና ከሥሩ አደረግን። ዝዝታው ጠፋ። በኋላ ባለሙያ አዲስ ሳድል ሠራለት፤ አሁንም ማታ ማታ እንዘምርበታለን።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ብሩጎላውን ከማንሣታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሡ። የጨመራችሁትን ማንሣት ትችላላችሁ፤ የሞረዳችሁትን ግን መመለስ አይቻልም። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!