ፍሪሲዮኑ አለቀ ተብሎ መኪና አይጣልም

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የአንድ ሰው መኪና ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ «ይህን አሮጌ ጣለውና አዲስ ግዛ» ይላል። ሌላው «ሸራውን ብቻ አስቀይረው፣ ይበቃዋል» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ምክሮች ኪስ ያራቁታሉ። መኪናው በሌላው አካሉ ጤነኛ ከሆነ መሠራት አለበት፤ ከተሠራም በሙሉ መሠራት አለበት።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ኤርፖርት፣ ወደ ሆቴል ወይም ወደ ሆስፒታል ፈረቃ የሚነዳ ወገናችን መኪናው ከቆመ ሥራውም ይቆማል። ሥራው ከቆመ ደግሞ አገር ቤት የሚጠበቀው ገንዘብ ይቀራል። ስለዚህ ውሳኔው የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ በሽታው ይታወቅ። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ፣ የተቃጠለ ሽታም ከመጣ፣ ሸራው ሳያልቅ አልቀረም። ማርሽ አልገባ ካለ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የሸራው አይደለም። ከፔዳሉ የሚሄደው ገመድ ላልቶ ወይም የፍሪሲዮኑ ዘይት አፍስሶ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ መኪናዎች ላይ ይህ ካምቢዮው ሳይወርድ በትንሽ ገንዘብ ይሠራል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጮህ ከሆነ ኩሽኔታው ይጠረጠራል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ጮኾ ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ ግን ሕመሙ ካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሒሳቡ ሌላ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። መኪናው ቢሸጥ 3,000 ዶላር ያወጣል፣ ጋራዡ ደግሞ 1,300 ዶላር ጠየቀ እንበል። ብዙ ሰው «የዋጋውን ግማሽ ለሚጠጋ ጥገና አላወጣም» ብሎ ይነሣል። ጥያቄው ግን መኪናው ስንት ያወጣል አይደለም፤ እሱን የሚተካው ስንት ያስወጣል ነው። በወር 450 ዶላር የሚከፈልበት አዲስ መኪና የጥገናውን ገንዘብ በሦስተኛው ወር ይጨርሰዋል፤ በአምስት ዓመት 27,000 ዶላር ይሆናል። በዚህ ላይ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ እንድንገባ ያስገድደናል። ዕዳ የሌለበት አሮጌ መኪና ግን ሕጉ በሚጠይቀው ዝቅተኛ ኢንሹራንስ ሊነዳ ይችላል። ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ደግሞ የመኪና ታክስ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ እንደሚታሰብ እናውቃለን። ያገለገለ መኪና በ3,000 ዶላር እገዛለሁ የሚልም አለ። የዚያ መኪና ፍሪሲዮን ስንት ወር እንደቀረው ማን ያውቃል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው ምክር፣ «ሸራውን ብቻ» የሚለው፣ ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። የፍሪሲዮን ሥራ አብዛኛው ወጪ የእጅ ዋጋ ነው፤ ምክንያቱም ሸራው ጋ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ አለበት። አንዴ ከወረደ ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ዲስኮና ኩሽኔታው አብረው ይለወጡ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ካርቶን ይሸጣሉ። ቮላኖውም ይታይ፤ ከተቧጨረ ይላግ፣ ከተሰነጠቀ ይለወጥ። የሞተሩ የኋላ ዘይት ማገጃ ጎማ የሚያፈስ ከሆነ ያኔውኑ ይቀየር፤ አዲስ ሸራ ዘይት ከነካው ይበላሻል። የአርባ ዶላር ኩሽኔታ ቆጥቦ ከስድስት ወር በኋላ ለዚያው ሥራ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ መክፈል ቁጠባ አይባልም።

ሁሉም አሮጌ መኪና ይሠራ ማለታችን ግን አይደለም። በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ወለሉንና የሥር ብረቱን በልቶት ከሆነ፣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ ማርሹ ከገባ በኋላ በራሱ የሚወጣ ከሆነ፣ ለፍሪሲዮን የሚወጣው ገንዘብ ለሙት ልብስ መግዛት ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት መኪናው ወደ ላይ ተነሥቶ ሥሩ ይመርመር።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖና ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ስለሆኑ እዚህ ጋራዥ አያገለግሉንም። ፍሪሲዮን ክላች፣ ዲስኮው ፕሬሸር ፕሌት፣ ኩሽኔታው ሪሊስ ቤሪንግ፣ ቮላኖ ፍላይዊል ይባላሉ። ዋጋው እያንዳንዱ ዕቃ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጠን፣ የወጣው አሮጌ ዕቃም ይታየን ብለን ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንጠይቅ።

የቀረው «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲዎች ለአሥርት ዓመታት ስንቱን ቤተሰብ አስተዳድረዋል። ፍሪሲዮናቸው ባለቀ ቁጥር ቢጣሉ ኖሮ ያን ያህል ዕድሜ ባላገኙ ነበር። ባለቤቶቻቸው በአሮጌነታቸው አላፈሩም፤ እዚህ የሚያሳፍር የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

የሚንሸራተት ፍሪሲዮን እየነዱ መቆየት ግን ሙቀቱ ቮላኖውን ስለሚጎዳ ወጪ ይጨምራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወገኖቻችን፣ ቡና ላይ ተቀምጠን «ጣለው» ከማለታችን በፊት «አስመርምረኸዋል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።