አባት ለስልክ ተሰለፈ፣ ልጅ ስልክ ይዞ ተሰለፈ

«የዛሬ ልጆች ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረባችሁም!» ይህቺን ወቀሳ ስንቴ ሰምታችኋል? እኔ መቁጠሩን ትቻለሁ። ወቀሳዋ ደግሞ የእኛ ቤት ብቻ አይደለችም፤ የህንድ ወላጆችም ልጆቻቸውን የሚጎሽሙት በዚችው ነው። ስለ ህንድ የሁለት ትውልድ ኑሮ ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይበልጥ ይታየኛል። እዚያ ልጆቹ መጠበቅ አላቆሙም። የሚጠብቁት ነገር ነው የተለወጠው።

እስቲ ከአባቶቹ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1991 ህንድ ከ840 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ የስልክ መስመሩ ግን 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ስልክ ለማስገባት ተመዝግቦ ለዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነው። ሩቅ ያለ ዘመድ ለማነጋገር ቢጫ ሰሌዳ ወደሰቀለው የሕዝብ ስልክ ሱቅ ይኬዳል። ሲመሽ ታሪፍ ስለሚቀንስ ሰልፉ የሚረዝመው በምሽት ነው። ስኩተር መግዛትም እንደዚያው ነበር። የባጃጅ ኩባንያ (አዎ፣ የእኛዋ ባለሦስት እግር ስሟን ያገኘችበት) የሚያመርታትን «ቼታክ» ለማግኘት አንዳንዱ እስከ 10 ዓመት ይጠብቅ ነበር። ምክንያቱም ፋብሪካዎች ምን ያህል እንደሚያመርቱ በፈቃድ የሚወስነው መንግሥት ነበር።

ቴሌቪዥንም ከጎረቤት ጋር ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1987 እና 1988 «ራማያን» የተባለው ተከታታይ ድራማ እሁድ ጠዋት በመንግሥት ጣቢያው በዱርዳርሻን ሲተላለፍ መንገዱ ጭር ይል ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላል።

ይህን የምለው «ድሮ ቀረ» ለማለት አይደለም። ለአንድ ስልክ ዓመታት መጠበቅ ምኑ ይናፍቃል? ዕድሜ የሚበላ ነገር ነው። ነገር ግን ያ መጠበቅ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ተራ ነበረው፤ ቢዘገይም ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ሰው ብቻውን አይጠብቅም ነበር።

ታዲያ ዛሬስ? እ.ኤ.አ. በ2016 «ጂዮ» የተባለው የሞባይል ኩባንያ ገበያ ሲገባ ኢንተርኔቱን ለወራት በነጻ ለቀቀው። ተፎካካሪዎቹም ወደዱም ጠሉም ዋጋ ቀነሱ። በዚያው ዓመት «ዩፒአይ» የሚባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ ሥርዓት ተጀመረ። ዛሬ መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ ኪውአር ኮድ ለጥፏል። ደንበኛው ሲከፍል አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ሩፒ ገብቷል ብላ ጮክ ብላ ትናገርለታለች። አባት ለዓመታት የተመዘገበለት ስልክ ዛሬ በልጁ ኪስ ውስጥ ነው። እና አባት «ምን ጎደለብህ?» ቢል አይፈረድበትም።

የጎደለው ሥራ ነው። የህንድ ባቡር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 35,000 ለሚጠጉ ክፍት የሥራ ቦታዎች ማስታወቂያ አወጣ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አመለከተ። የመጀመሪያው ዙር ፈተና ውጤት የወጣው ግን ጥር 2022 ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም! በውጤቱ አወጣጥ የተቆጡ ወጣቶች ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ አደባባይ ወጡ፤ ሐዲድ ተዘጋ፣ ባቡርም ተቃጠለ።

«ትዕግስት የላቸውም» የሚባሉት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። አባት መጨረሻ ላይ ስኩተሩን አግኝቷል። ከ12 ሚሊዮኑ ብዙዎቹ ግን የሚቀጥለውን ፈተና ነው የሚጠብቁት፤ እሱም የዕድሜ ገደብ አለው። የልጁ ሰልፍ ደግሞ አይታይም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ የሚያየው ሰው «ይኸው መጫወቱን ተያያዘው» ይላል። ፈተና እየተለማመደ፣ ውጤት ወጥቶ እንደሆነ እያየ ሊሆን ይችላል። ማን ይጠይቀዋል?

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ እንደሱ የሚፈልግ ሌላ ሰው ነበር። «የአንተን ዘርፍ ገጽ እንትን ላይ አይቻለሁ» ይባባሉ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣል፤ ፈጣን ነው፣ የታክሲም አያስወጣም። ግን ስንት ሰው አብሮን እንደሚጠብቅ አናይም። ካልተሳካ ጥፋቱ የራሳችን ብቻ ይመስለናል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ትውልድን በፍጥነት መለካት ይቅር። ርካሽ ኢንተርኔት ጥሩ ነገር ነው፤ ሥራን ግን አይተካም። መንግሥታትም ስልክ ስላዳረሱ ብቻ የወጣቱን ጥያቄ የመለሱ አይምሰላቸው። ወላጆች፣ «ትዕግስት የለህም» ከማለታችሁ በፊት «ምን እየጠበቅህ ነው?» በሉ። እናንተም ልጆች፣ መልሱን አትደብቁ። ስንት ቦታ እንዳመለከታችሁ፣ ስንቱ መልስ እንዳልሰጠ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ለጓደኞቻችሁም እንደዚያው። የእናንተን ሰልፍ ካልተናገራችሁ በስተቀር ማንም አያየውም።