ቧንቧው የት እንዳለ ጡረታ የወጡትን ጠይቁ!

በማንኛውም የክልል ከተማ የኖረ አንባቢ ይህንን ትዕይንት ያውቀዋል፡፡ ለመንገድ ሥራ የመጣ ኤክስካቫተር መሬቱን ሲምስ ቧንቧ ይበጥሳል፡፡ ውሃው መንደሩን ያጥለቀልቃል፣ መዝጊያው ቫልቭ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል፡፡ በመጨረሻ አንዱ «እስቲ ለጋሼ ደውሉላቸው» ይላል፡፡ ጋሼ ጡረታ ከወጡ ዓመታት ያስቆጠሩ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፡፡ የከተማው የውሃ ካርታ ያለው በእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው፡፡

ይህ አሠራር ትንሽ ከተማን ያዘግም ይሆናል፤ ደብረ ብርሃንን ግን አይችላትም፡፡ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ የነበረችው ከተማ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ፣ የቢራ ፋብሪካዎችና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አሏት፡፡ ባለፉት ዓመታት ከየአካባቢው የተፈናቀሉ ወገኖችንም ተቀብላለች፡፡ ይህ ሁሉ ሕዝብ ውሃ ይጠጣል፣ ፍሳሽም ያወጣል፡፡

ባለሙያዎች ጂ.አይ.ኤስ የሚሉት የዲጂታል ካርታ ሥርዓት ነገሩ ቀላል ነው (መሐንዲሶች ይቅር ይበሉኝ)፡፡ እያንዳንዱ ቧንቧ ከውፍረቱና ከተቀበረበት ዓመት ጋር፣ እያንዳንዱ ቫልቭና ቆጣሪ ከነቦታው ይመዘገባል፡፡ ቆጣሪው ከቢሉ ጋር ሲያያዝ ወደ አንድ ሰፈር የገባው ውሃና ገንዘብ የተከፈለበት ውሃ ይነጻጸራሉ፤ የጎደለው የት እንደጎደለ ይታያል፡፡ ኪው ጂ.አይ.ኤስ እና ኢፓኔት የተባሉት ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ የገንዘብ እጥረት ብዙም ምክንያት አይሆንም፡፡

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዳገታማዋ አንኮበር ደግሞ ጥያቄው የግፊት ነው፡፡ ውሃ በቧንቧ 10 ሜትር ቁልቁል በወረደ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል፡፡ የመሬቱን ከፍታ የያዘ ካርታ ከሌለ ላይኛው ሰፈር ሲጠማ ታችኛው ሰፈር ቧንቧው ይፈነዳል፡፡

የካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 ካመረተችው ውሃ 72 በመቶው ሳይከፈልበት ይቀር ነበር፡፡ ሥራው የተጀመረው ቤት ለቤት በመመዝገብ ሲሆን፣ በመዝገብ ያልነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች ተገኙ፡፡ ከ15 ዓመት በኋላ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወርዷል፡፡

እኔን እንደ ሕግ ሰው የሚያሳስበኝ ግን የመዝገቡ ጉዳይ ነው፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ደነገገና በአንቀጽ 3363 ሥራ ላይ እንዳይውል አቆየው፡፡ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው፡፡ በላይ ያለውን ለመመዝገብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከፈጀብን፣ ከመሬት በታች ያለውን መቼ ልንደርስበት ነው? በ1997 ዓ.ም. የወጣው፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተተካው የካሣ አዋጅ መንገድ ሠሪው መሥሪያ ቤት መስመር ሲያስነሳ ባለቤቱን በጽሑፍ እንዲጠይቅና ካሣ እንዲከፍል ያዝ ነበር፡፡ ለመሆኑ የት እንዳለ የማያውቀውን ቧንቧ ባለቤት ነኝ ብሎ ካሣ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ምን ማስረጃ ያቀርባል? የበጠሰው ተቋራጭም «አላሳያችሁኝም» ቢል መልሱ ምንድን ነው?

ፍሳሹ ከዚህ የባሰ ነው፡፡ በአብዛኞቹ የክልል ከተሞች ፍሳሽ የሚጠራቀመው በየግቢው ጉድጓድ በመሆኑ፣ የትኛው ጉድጓድ ለየትኛው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ እንደቀረበ የሚያሳይ ካርታ የጤና ሰነድ ነው፡፡

የከተማው አስተዳደር አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለበትም፡፡ የመስመሩን የመጨረሻ ንድፍ በዲጂታል መልክ ያላስረከበ ተቋራጭ የመጨረሻ ክፍያውን እንዳያገኝ በውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል፡፡ የቁፋሮ ፈቃድም ካርታው ሳይታይ አይሰጥ፡፡ ልኬቱ በእጅ ስልክ ብቻ አይሁን፤ ጥቂት ሜትሮች ሲሳሳት ቧንቧውን ከጎረቤት ግቢ ይከተዋል፡፡ ጋሼንም በውሎ አበል ጠርቶ፣ ታብሌት ከያዘ ወጣት ጋር በየሰፈሩ ማዞር ነው፤ አቅሙ እያላቸው፣ በዚህ በጋ፡፡