የቮልሱ ጋራዥ ይሠራ፤ አሠራሩ ግን ይታሰብበት

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ከሰፈራችን ነዋሪዎች አንዱ ባቀረቡት ማመልከቻ ላይ ብዙ ክርክር መደረጉን የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ማመልከቻው ሁለት አሮጌ ቮልስ ዋገኖችን እየፈቱ የሚጠግኑበት ጋራዥ በግቢያቸው ለመሥራት ጎረቤት እንዲስማማላቸው የሚጠይቅ ነው። «ይከልከሉ» ያሉ ነበሩ፤ «ሰው በገዛ ግቢው ቢሠራ እኛን ምን ቸገረን» ያሉም ነበሩ። ነገሩ ሳይቋጭ መሽቶ ተበተንን። ስለሆነም የዝግጅት ክፍላችን አስተያየቱን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመግለጽ ወድዷል።

አስቀድመን እንናገር፤ እኛ ይሠራ ባዮች ነን። ቮልስ በከተማችን ስንቱን ልጅ ትምህርት ቤት ያመላለሰ፣ ስንቷን ሙሽራ የሸኘ መኪና ነው። የመጨረሻው የዚህ ዓይነት ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከለው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያለውን ከመጠገን በቀር ምን ይደረጋል? ብንከለክልስ መኪናው በአጥር ጥግ፣ በማታ፣ በሞባይል መብራት መፈታቱ ይቀራል ወይ? አይቀርም። የሚያሰጋው ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት የሆነውን እናስታውስ። አንድ የሰፈራችን ወጣት መኪና በብሎኬት ላይ አቁሞ ሥሩ ተኝቶ ሲሠራ ብሎኬቱ እንደ ብስኩት ፍርክስ አለ። መኪናው አጠገቡ በተጋደመ ግንድ ላይ ስላረፈ ብቻ ልጁ ተረፈ። እናቱ ያንን ግንድ እስከ ዛሬ አላስፈልጥ ብለዋል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ግድግዳ ሆኖ ሲደረደር ይችላል እንጂ የመኪና ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ክሪክም ቢሆን ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ከሥር የሚገባ ሰው መኪናውን በብረት ካቫሌቶ ላይ ያሳርፍ፤ የቀሩትን ጎማዎች በታኮ ይያዝ፤ ገፋ አድርጎም ይፈትን። ካቫሌቶው ጭቃ ላይ ከቆመ ስለሚሰምጥ ወለሉ ኮንክሪት መሆን አለበት። የቮልስ ክሪክ የሚሰካበት የጎን ብረት ደግሞ ከዕድሜ ብዛት ይዝጋል፤ በእርሱ መተማመን አይገባም።

ስፋቱን በሚመለከት፣ ቮልስ ከ4 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ታዲያ ጋራዡን 5 ሜትር አድርጎ መሥራት ስሕተት ይሆናል። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው፤ የሚወጣውም መኪናው ከፍ ብሎ ወደ ታችና ወደ ኋላ ተስቦ ነው። ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ከኋላ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን።

ማመልከቻው ላይ ያልወደድነው አንድ ነገር አለ፤ ባለጋራዦች ፎሳ የሚሉት ጉድጓድ። ይህ ይቅር እንላለን። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ጉድጓድ ካገኘ እዚያው ይጠራቀምና አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ጉድጓድ ባይኖርስ? በበሩ ሥር ሾልኮ ቡና እስከሚፈላበት ከሰል ድረስ ሊሄድ ይችላል። እሳቱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ የአየር መተላለፊያ ከጣሪያው ሥር ብቻ ሳይሆን ከወለሉም አጠገብ ይከፈት፤ ይኸውም ወደ ጎረቤት ማድቤት በማይመለከተው በኩል። ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ፈጽሞ ይቅር፤ ናፍጣ ይሻላል፣ እርሱም ከእሳት ርቆ። የነዳጅ ጋን መበየድ ደግሞ የባሰ ነው። ባዶ ነው ተብሎ አይገመት፤ በትነት የተሞላ ባዶ ጋን ቤንዚን ከሞላበት ይልቅ ይፈነዳል።

ቮልስ የራሱ ጠባይም አለው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የወንበሩ ሽቦ ከባትሪው ጫፍ ጋር ሲነካካ ወንበሩ የነደደበት ጊዜ አለ። ከአሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጦ ሽፋን ቢደረግለት ምንም አያስወጣም። ነዳጁ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ በመሆኑ፣ ሞተሩ አጠገብ ያለችው የጎማ ቱቦ ስትደርቅ በጋለ ሞተር ላይ ታንጠባጥባለች። ይህችን መለወጥ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ሥራ ሲጀመርም የባትሪው ሽቦ ይፈታ።

ስለ ጭስ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በከሰል ጭስ የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። በተዘጋ ጋራዥ የሚነሣ ሞተር የሚያወጣው ያንኑ ሽታ አልባ መርዝ ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተሩ ለዚህ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና መርዙ ይጨምራል። ሞተር የሚነሣው መኪናው ወደ ውጭ ተገፍቶ ነው። የአሮጌ ፍሬን አቧራም በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ አስቤስቶስ ይኖርበታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንምጣ። ግድግዳችን ጭቃና እንጨት ነው፤ አንዱ ቤት በሌላው ላይ ተደግፏል። የእሳት አደጋ መኪና ቢጠራ በየትኛው መንገድ ነው የሚገባው? አሸዋና ድንጋይ አውርዶ መንገዱን የዘጋው ባለጋራዡ አይደለም፤ እኛው ነን። ኧረ እንተፋፈር! የእሳት አደጋ ስልክ 939 መሆኑን ልጆች ሳይቀሩ ይወቁት። በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ ቢደፉበት ቤንዚኑ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል። የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት በመሆኑ አንዴ ከተያያዘ በውሃ ይብስበታል። ጋራዡ በር ላይ የዱቄት ማጥፊያና ክዳን ያለው በርሜል ደረቅ አሸዋ ይቀመጥ፤ ጎረቤትም አያያዙን ይማር።

ከአንድ ቮልስ ሁለት ሊትር ተኩል የተቃጠለ ዘይት ይወጣል። በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦዩ አይደፋ። መዶሻም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይረፍ።

አመልካቹ ፎሳውን ትተው፣ መተላለፊያውን ጨምረው ፕላኑን በወረቀት እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከመምጣቱ በፊትም ከግድግዳው ማዶ ማድቤት ያላቸው እናታችን ቤት ሄደው ያሳዩአቸው። ባለፈው ስብሰባ ከሁሉ ይልቅ የሚያገባቸው እርሳቸው ሆነው ሳለ አንድም ሰው «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላላቸውም።