ስለ አዲስ ስልት አጫጭር ልቦለዶች ለመጽሔት አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



በምዕራብ ሐረርጌ፣ በመሰላ ተቀምጬ፣ ከጭሮ የሚመጣውን መጽሔት ከወዳጆቼ ጋር እየተቀባበልሁ የማነብ ሰው ስሆን፣ በአዲስ ስልት ተጻፈ እየተባለ ስለሚታተመው አጭር ልቦለድ ነቀፋ ባቀርብ፣ አዲስ ነገር የሚያስበረግገው ባላገር ነው ብላችሁ አትፍረዱብኝ፤ የዛሬዋን ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን በመድረክ አናግረው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ያበረከቱ ሰው ናቸውና፣ ሙከራ ለአገራችን ባዕድ አይደለም።

ነቀፋዬ በደራሲው ድፍረት ላይ ሳይሆን በእናንተ አሠራር ላይ ነው። ተናጋሪው ከአድማጩ የማይለይበትን፣ ፍጻሜው ከጥንቱ የማይገናኝበትን ረቂቅ ስትቀበሉ፣ «ሙከራ ነው» በምትል አንዲት ቃል ከምርመራ ነጻ ታወጡታላችሁ፤ ያው ደራሲ በተለመደው አተራረክ ጽፎት ቢሆን ግን፣ ይህ ሰው ለምን መጣ፣ ይህ አንቀጽ ምን ይሠራል እያላችሁ በቀይ ቀለም ባጠባችሁት ነበር። ልማድን የጣሰ ድርሰት ከሌላው ይልቅ አርታዒ ያሻዋል። (ያልገባንን አልገባንም ማለት፣ ሊቅ ለተባለ ሰው፣ እጅግ የሚከብድ ትሕትና መሆኑን አልክድም።)

አጭር ልቦለድ ራሱ እንግዳ በነበረበት በ1949 ዓ.ም. ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተሰኘውን መድበላቸውን ሲያሳትሙ፣ ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ» የተሰኘውን ረጅም ልቦለዳቸውን ሲያወጡና ብዙ አንባቢ ሲከብደው፣ ሁለቱም የሚሹትን ያውቁ ነበር። አዳም ረታማ ስልታቸውን ሕጽናዊነት ብለው ሰይመው፣ እንጀራን አብነት አድርገው፣ ታሪክ ከታሪክ የሚተሳሰርበትን መርሕ ለአንባቢ ገልጸዋል፤ ስልቱን የማይወድ ሰው እንኳ የሚሟገትበት ነገር አያጣም። ዛሬ ከምታትሙት በብዙው ውስጥ ግን የምሟገትበትን አጣሁ።

ጉዳቱ እዚህ ድረስ ይመጣል። በጭሮ፣ በሂርናና በበዴሳ፣ በኦሮምኛ አፋቸውን ፈትተው በአማርኛ ድርሰት ለመጻፍ የሚጥሩ ወጣቶች፣ የላኩት ጽሑፍ ያለ መልስ ሲቀር የታተመውን እያዩ መንገዱ ይህ ነው ይላሉ፤ የጫት ተራውን ጥድፊያና የጨርጨርን ደጋ አጥርተው ማሳየት የሚችሉ ልጆች፣ ለራሳቸውም የማይገባቸውን መጻፍ ጀምረዋል።

ስለዚህ ከማተማችሁ አስቀድሞ ደራሲውን፣ በተለመደው መንገድ ሊነገር ያልቻለው ነገር ምን እንደ ሆነ ጠይቁት፤ መልስ ቢያጣ ረቂቁን ከነምክንያቱ መልሱለት፣ መልስ ቢኖረው መልሱ በድርሰቱ ውስጥ እስኪታይ ድረስ አብራችሁት ድከሙ። ለማታትሙለትም ሁለት መስመር ጻፉለት፤ ፖስታ እስከ ጭሮ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ እኛ እናደርሰዋለን።