«ድኗል» ከተባለ በኋላ



ከቅዳሴ በኋላ ለጸሎት በምትሰጡን ወረቀቶች ላይ፣ በልጅነቱ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተጎድቶ በሕይወት የተረፈ ልጅ ስም ደጋግሞ ይመጣል። አንዱን መኪና ገጭቶት፣ ሌላው ከዛፍ ወድቆ፣ ሌላዋን በቅሎ ረግጣት ነው። የሚገርመው ግን ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው ልመና ስለ ጉዳቱ አይደለም። «ጠባዩ ተለወጠ»፣ «ትምህርት አልገባት አለ»፣ «አያቱን መስማት ተወ» የሚል ነው። ስለ አደጋው ሲጠየቅ «እሱማ ድኗል፣ አምስት ዓመት አልፎታል» ይባላል።

የእኔ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ጠባዩና ጉዳቱ አንድ ነገር ናቸው። ለያይተን ስለምናያቸው ልጁን ባላጠፋው ጥፋት እንቀጣዋለን።

የራስ ቅል ይገጥማል፣ ቁስሉ ይሽራል፣ ፀጉርም በላዩ ይበቅላል። የአንጎል ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ትዕግሥትን፣ አሳብን መሰብሰብንና ቁጣን መግታትን የሚመራው የፊተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ሰው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ በስድስት ዓመቱ የተጎዳ ልጅ ያን ጊዜ ምንም የጎደለው ላይመስል ይችላል። አንደኛ ክፍል ፊደል መቁጠር ነው። ሰባተኛ ክፍል ደርሶ ብዙ መምህራን ሲፈራረቁበት፣ ብዙ ደብተር ሲይዝና ራሱን ችሎ እንዲያጠና ሲጠበቅበት ያኔ ይታያል። ሦስት ዕቃ እንዲገዛ ተልኮ አንዱን ይዞ ይመለሳል። ጠዋት ደኅና የነበረው ልጅ ከሰዓት በኋላ ይዝላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ጫጫታ ሲሰማ ይቆጣል። አንዳንዱ ላይ የሚጥል በሽታ ከአደጋው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ካለፉ በኋላ ይጀምራል። ጎረቤት ይህን ሁሉ ስንፍና ወይም ጋኔን ይለዋል።

እዚህ ላይ ታሪኳን ልታውቁት የሚገባ አንዲት ሴት አለች፤ አሜሪካዊቷ ሐሪየት ተብማን። በ1822 እ.ኤ.አ. ገደማ በሜሪላንድ በባርነት ተወለደች። በስድስት ዓመቷ ገደማ ለሰው ቤት ተከራይታ ሕፃን ትጠብቅ ነበር፤ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር እርሷ ትገረፋለች። (ይህን ሳነብ እናንተ ትዝ አላችሁኝ።) ገና ልጅ እግር ሳለች፣ አንድ አለቃ በሌላ ባሪያ ላይ የወረወረው አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን የብረት የሚዛን ድንጋይ ግንባሯን መታት። ሐኪም አላያትም። ጥቂት ቀን እንደተኛች ወደ እርሻ መለሷት። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የራስ ሕመምና ድንገት የሚጥል እንቅልፍ አልተለያትም፤ እያወራች ሳለ ታንቀላፋና ስትነቃ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ጌታዋ ሊሸጣት ቢሞክር ገዢ ጠፋ።

ይህችው ሴት በ1849 እ.ኤ.አ. አምልጣ ወጣች። ከዚያም 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ 70 ያህል ሰዎችን በሌሊት እየመራች ከባርነት አወጣች። በመንገድ ላይ እንቅልፉ ሲጥላት አብረዋት ያሉት እስክትነቃ ይጠብቁ እንደነበር ይነገራል። ሐሪየት ከጉዳቷ አልዳነችም፤ በ1913 እ.ኤ.አ. እስክታርፍ አብራው ኖረች። የተጎዳ ልጅ ሁሉ እንደ እርሷ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎች ጫማቸውን ማሰር እንኳ እንደገና መማር አለባቸው። እኔን የሚያስገርመኝ የእነዚያ የጠበቋት ሰዎች ነገር ነው። አሳዳጅ ከኋላ እየመጣ ጠበቋት። እኛ ግን አንድ ልጅ የቤት ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቅ ያቅተናል።

ከእናንተ መካከል በማዳም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ስትንከባከቡ ዓመታት ያሳለፋችሁ አላችሁ። ባለሙያ ቤት ድረስ እየመጣ ሲያሠለጥነው አይታችኋል። የቀኑ ሥራ በሥዕል ተሥሎ ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጣል እንጂ ሦስቱ በአንድ ጊዜ አይነገርም። ጫማው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ሲበላ ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ ቀትር ላይ ጨለም ባለ ክፍል ያርፋል። ልጁ ብርጭቆ ሲሰብር ማዳም «ደክሞታል» ትላለች። የእኛ ልጅ ሲሰብር ግን ባለጌ ይባላል፣ ይገረፋል። ያ ሁሉ ጥበብ በእጃችሁ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከምትልኩት ብር ጋር እሱንም ለአያትየው ላኩላት። እማማ ምን ያህል እንደደከሙ እናውቃለን፤ ልጁ ሆን ብሎ እንደማያስቸግራቸው ቢያውቁ ግን ለእሳቸውም ዕረፍት ነው።

በስልክም እንዲሁ። ማታ ሥራ ጨርሳችሁ በኢሞ ስትደውሉ ልጁ ቀኑን ሙሉ ደክሞ ነው የሚያገኛችሁ። «ተናገር እንጂ! እናትህን ረሳሃት?» አትበሉት። ከቻላችሁ ጠዋት ደውሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ ዝም ቢል ዝም በሉ፣ ፊታችሁን ይይ። ዝምታው ፍቅር ማጣት አይደለም።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር አለኝ፣ ቢያስቆጣም እናገራለሁ። የሚጥል በሽታ ኪኒን ጀምሮ «አሁን ትቶታል» ወይም «ጸበል ገብቷል» ተብሎ በድንገት የሚቆምበት ልጅ፣ ከበፊቱ የባሰና ቶሎ የማይለቅ ሕመም ሊነሣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ጸበል መድኃኒት አቁሙ አይልም። በ1999 ዓ.ም. በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለዚህ ልጅ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ኪኒኑን የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪሙ ብቻ ነው። ሲጥለው ደግሞ በጎኑ ያስተኙት፣ ራሱን ከድንጋይ ያርቁለት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ አይክተቱ፣ ክብሪትም አያሽትቱት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ሌላው የወረቀት ነገር ነው። በየመስከረሙ መምህር ይለወጣል፤ አዲሱ መምህር የሚያየው ጤነኛ መልክ ያለውን የሚያንቀላፋ ተማሪ ነው። ስለዚህ ልጁ መቼ እንደተጎዳ፣ ስንት ቀን ራሱን ስቶ እንደቆየ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ምን እንደሚያደክመው የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ ከሐኪም ቤቱ ወረቀት ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ቤት ይቀመጥ፤ በየዓመቱም ለመምህሩ ይታይ። ማስጻፍ የምትፈልጉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቅረቡ። አብረን እንጽፈዋለን፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ በዚያው ቀን ትልኩታላችሁ።