ጎራዴኛና አዝማች

ጦር መሪን በጥበብ ሥራ ለመግለጽ የሚነሣ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል። አዝማች በእጁ የማይሠራውን፣ በዓይኑም የማያየውን ነገር በሌሎች ሰዎች ነፍስ የሚያስፈጽም ሰው ነው። ይህን ሰው እንዴት መሣል ይቻላል? በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣቶች በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ካባ ደርበው የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ዛሬ የሚሰጠው መልስ ሐሰት ነው፤ አዝማቹን ከሁሉ የበረታ ጎራዴኛ አድርጎ ያቀርበዋልና።

የሚያስገርመው ጨዋታው የተወለደው ከዚሁ ከአዝማችነት ትምህርት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩስያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ ባሳተመው የጦርነት ጨዋታ ተፋላሚዎቹ የሚያውቁት ወታደሮቻቸው ሊያዩ የሚችሉትን ብቻ ነበር። ትእዛዛቸውን በወረቀት ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ሙሉውን ሜዳ የሚያየው ዳኛው ብቻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት አለማወቅ ነበር። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ም በሽፋኑ ላይ ራሱን የጦርነት ጨዋታ ደንብ ብሎ ይጠራ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የአንድ ሰው ግርማ ሞገስ የሚለካው በሚያስከትላቸው ሰዎች ብዛትና ታማኝነት ነበር፤ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ተዋጊም ጌታ ተብሎ ምሽግ ይሠራል፣ ግዛት ያስተዳድራል። የጀግናው መንገድ ከጎራዴ ወደ ኃላፊነት ያመራ ነበር ማለት ነው።

ይህ መንገድ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ሃያኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ተዋጊ በአንድ ተራ አራት ጊዜ ይመታል፤ ከማዕረጉ ጋር ግን አንድም ወታደር አይሰጠውም። እርግጥ ነው፣ ጓዱ ጠላትን እንዲመታ የሚያዝበት ስልት ያለው ተዋጊ አለ። ይህ ግን የጥቂት ጓደኞች ፍልሚያ እንጂ ሠራዊት መምራት አይደለም።

የጨዋታው ጠበቆች «ስንቅና በቅሎ መቁጠር አሰልቺ ነው፤ ጨዋታ የመዝገብ ቤት ሥራ አይደለም» ይላሉ። መዝገብ ይያዝ ያለ የለም። ኤስኪለስ እ.ኤ.አ. ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ472 «ፋርሶች» የተባለውን ተውኔት ለአቴና ሕዝብ ሲያቀርብ በመድረኩ ላይ አንዲት የጦር መርከብ አልነበረችም። አንድ መልእክተኛ ገብቶ የሳላሚስን ሽንፈት ለንግሥቲቱ ነገራት፤ ባሕር ሙሉ ጦርነት በአንድ አንደበት ታየ። የጨዋታው መሪም ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አያስፈልገውም። መልእክተኛው ዘግይቶ ይምጣ፤ ወሬውም ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይያዝ። ትናንት በሸንጎ የተሰደበው የቀኝ ክንፍ አለቃ ዛሬ ሲታዘዝ ያመንታ። ድል ሲታወጅ ደግሞ የወደቁት በየስማቸው ይጠሩ። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ስለ ጎራዴው ስለት ሳይሆን ስለ ቃሉ ክብደት ማሰብ ይጀምራል።

ጨዋታ የምናብ ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ የተለመደ ሐሰት ከጠረጴዛው ሲነሡም አብሮ ይነሣል። መሪነትን የአንድ ክንድ ብርታት አድርጎ የተማረ ወጣት፣ ነገ በእውነተኛው ዓለም ጀግና ሲታይ ያጨበጭባል እንጂ «ይህ ድል የስንት ሰው ሕይወት ጠየቀ?» አይልም። አዝማችን ያለ ሠራዊቱ የሚሥል ጥበብ የሟቾቹን ቁጥር ከሒሳቡ ይሰርዛል። ይህ ስረዛ በጨዋታ ስም ሊታለፍ አይገባውም።